ቀለሙ የት ይቀመጥ? ለጊታር የሚሆን ባለቀለም ጎማላካ ሲነጻጸር

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ጊታሩን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለችው ቤቴ መጣ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ማዳበሪያውን ሲፈታው የጊታሩ ፊት ቀይ ነው። ቀይ ስላችሁ ግን አንድ ዓይነት ቀይ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ጋ የበሬ ደም፣ እዚያ ጋ ሮዝ፣ ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ስር ደግሞ እርቃኑን የቀረ እንጨት።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በደገምኩት ቁጥር ይብስበታል» አለኝ።

ሳቄ መጣ። በሱ አይደለም። እኔም የመጀመሪያ ጊታሬን ልክ እንዲህ ነው ያበላሸሁት። ልዩነቱ እኔ ሰማያዊ አደርጋለሁ ብዬ አረንጓዴ መውጣቱ ብቻ ነው። ወደሱ እመለስበታለሁ።

ልጁ የጠየቀኝ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ነው፦ «የትኛውን ጎማላካ ልግዛ?» እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ሁሌም አንድ ነው። ቀለሙን የት ልታስቀምጠው ነው? ሙጫው በተፈጥሮው የያዘው ቀለም ይበቃሃል? ሙጫው ውስጥ ሌላ ቀለም ትጨምራለህ? ወይስ መጀመሪያ እንጨቱን ቀብተህ ጎማላካውን ከላይ ታለብሰዋለህ? ግዢው የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው። ቀይ ይሁን ቡናማ የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ትንሽ። ጎማላካ የሚለውን ስም ከጣሊያኖች ነው የወሰድነው፤ በእንግሊዝኛው ሼላክ ነው። በህንድና በታይላንድ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው። ይሰበሰባል፣ ይቀልጣል፣ ይጣራል፣ ስስ ሆኖ ከተዘረጋ በኋላ ይሰባበራል። እኛ እጅ ሲገባ የደረቀ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። በአልኮል ይሟሟል። አልኮሉ ሲተን ሙጫው እንጨቱ ላይ ይቀራል። ከደረቀ በኋላ መርዝ የለውም፤ ከረሜላና የመድኃኒት እንክብል ሳይቀር ይቀባበታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። አያቶቻችን «ሸክላ» የሚሉት የድሮው 78 ዙር ዲስክ በአብዛኛው የሚሠራው ከዚሁ ሙጫ ነበር፤ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ድረስ ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹት እንዲህ ባለው ዲስክ ዘመን ነው። ጎማላካና የኛ ሙዚቃ የተዋወቁት ጊታር እኛ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው ማለት ነው።

ለንጽጽሩ የሚያስፈልገን ትልቁ ጠባዩ ይሄ ነው፦ አዲስ የሚቀባው ጎማላካ የበፊቱን ያለሰልሰዋል። ሁለቱ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ። ጊታራችሁ ከዓመት በኋላ ቢጫር ቦታውን ብቻ ቀብታችሁ ማዳን የምትችሉት ለዚህ ነው። የልጁ ጊታር እንደዚያ የተዥጎረጎረውም ለዚሁ ነው።

ሙጫው ራሱ የያዘው ቀለም

ለጀማሪ የምመክረው ይሄንን ነው። ለምን እንደሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

የተሰባበረው ደረቅ ሙጫ፣ ማለትም ቅርፊቱ፣ በተለያየ ቀለም ይሸጣል። ጋርኔት የሚባለው ጥቁር ቀይ ቡናማ ነው፤ ሲበጠበጥ የተፈላ የቡና ገለባ ውሃ ይመስላል። ኦሬንጅና አምበር ወደ ማር ያደላሉ። ሌመን ቢጫ ቢጤ ነው። ብሎንድና ሱፐር ብሎንድ ደግሞ ቀለም የላቸውም ማለት ይቻላል። በተን ላክ የሚባልም አለ፤ እንደ ትልቅ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚመጣ፣ ሞቅ ያለ ቡናማ።

ጥቅሙ ቀለሙ የሙጫው አካል መሆኑ ነው። ጎማላካው የሚታሽበትን የጨርቅ ቋጠሮ ይዛችሁ ብትመላለሱበት፣ የታችኛው ቢለሰልስ፣ ከወዲህ ወዲያ ቢንቀሳቀስ፣ የሚሄደው ሙጫና ቀለም አንድ ላይ ነው። ዥጉርጉር የሚያደርገው ተለይቶ የሚሸሽ ነገር የለም። ጠቆር እንዲል ከፈለጋችሁ ትደግማላችሁ። ይበቃል ካላችሁ ቀሪውን በብሎንድ ትጨርሳላችሁ። ሁለት ዓይነት ቅርፊት ገዝታችሁ ስታቀላቅሉ የፈለጋችሁትን መካከለኛ ቀለም ታገኛላችሁ። እኔ ለነጣ የጊታር ፊት አንድ እጅ ጋርኔት፣ ሁለት እጅ ብሎንድ አደርጋለሁ። ሠላሳ ዓመት የተጫወቱበት ጊታር ያስመስለዋል።

ጉዳቱስ? የቀለም ምርጫችሁ ከማር እስከ ቡና ነው። ቀይ የለም። ሰማያዊ የለም። ጥቁር የለም። ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሃሉ የሚያበራው ሰንበርስት የሚሉት ዓይነትም በዚህ አይወጣም፤ ቢወጣም እጅግ የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ሲገዙ የሚታይ ሌላ ነገር ሰም ነው። ሙጫው በተፈጥሮው ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ሰም ይይዛል። ሰሙ የወጣለት ቅርፊት በከረጢቱ ላይ «ዲዋክስድ» ተብሎ ይጻፋል። ለጊታር ሰም የወጣለትን ግዙ። ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ነገ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ከላይ ሌላ ቫርኒሽ ብትቀቡም ይይዝላችኋል። ሰም ባለበት ላይ ፖሊዩረቴን የሚባለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ቫርኒሽ ብትቀቡ ግን ይላጣል።

ሱፐር ብሎንድ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኬሚካል ነጥቶ የመጣው ዓይነት ቶሎ ያረጃል። መደርደሪያ ላይ ዓመት ከቆየ በአልኮል ውስጥ እንደ ጄሊ ያብጣል እንጂ አይሟሟም። ጋርኔትና ኦሬንጅ ብዙ ይቆያሉ። እንደ ሐዋሳ ባለ ሙቀት ደግሞ ቅርፊቱ ከረጢቱ ውስጥ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል። ብዙ ቅርፊት ከገዛችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

ሙጫው ውስጥ የሚጨመር ቀለም

አሁን ወደ ቀዩ ጊታር።

እዚህ ላይ የምትገዙት ሁለት ነገር ነው፦ ቀለም የለሹ ብሎንድ ጎማላካና በአልኮል የሚሟሟ ቀለም። ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ውጤቱ እንጨቱ ላይ እንደ ባለቀለም መስታወት ይተኛል። ቀይም፣ ሰማያዊም፣ ጥቁርም፣ ሰንበርስትም የሚወጣው በዚህ ነው። በደንብ ሲሠራ እንደሱ የሚያምር ነገር የለም። ብርሃን ሲያርፍበት የእንጨቱ መስመር ከቀለሙ ስር ይታያል።

ብሎንድ ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊታሬን ሰማያዊ ለማድረግ የተጠቀምኩት እጄ ላይ የነበረውን ኦሬንጅ ጎማላካ ነበር። ቢጫና ሰማያዊ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አንደኛ ክፍል ነው የተማርነው። እኔ ግን ጊታር ላይ ነው የተማርኩት። አረንጓዴውን ለመፋቅ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ቀለሙን ስትገዙ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የቆየው አኒሊን ዱቄት ነው። ርካሽ ነው፣ ደማቅ ነው፣ ግን ፀሐይ አይችልም። ሌላው በውስጡ ብረት ነክ ነገር የታሰረበት፣ ብዙ ጊዜ በፈሳሽ መልክ በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣው ነው። ትራንስቲንት የሚባለው የዚህ ወገን ነው፤ በውሃም በአልኮልም ይሟሟል። ይሄኛው ብርሃን ይችላል። ጊታራችሁን ግድግዳ ላይ፣ መስኮት ፊት ለፊት የምትሰቅሉ ከሆነ ለዚህ ነው ገንዘብ የሚወጣው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጋ ላይ ፀሐይዋ ስታነድ ታውቋታላችሁ።

«ገበያ የሚሸጠው የሰፌድ ቀለምስ?» የሚለኝ አለ። ሞክሬዋለሁ። ግማሹ ሟሟ፣ ግማሹ ጠርሙሱ ስር ዘቀጠ። የቀባሁበትን ቁራጭ መስኮት ላይ አስቀምጬ በሁለት ወሩ ሳየው ቀዩ የታጠበ ቲሸርት መስሎ ነበር። የምግብ ቀለምም ያው ነው፤ ለውሃ የተሠራ ስለሆነ ከአልኮል ጋር አይስማማም። የግድግዳ ቀለም ዱቄት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። እሱ አይሟሟም፤ እንጨቱን ሸፍኖ የበር ቀለም ያስመስለዋል።

አሁን ልጁ ምን እንዳጠፋ ልንገራችሁ። ቀይ ቀለሙን ወፈር ባለ ጎማላካ ውስጥ ብዙ አድርጎ ጨመረ። ከዚያ በጨርቅ ቋጠሮ እየተመላለሰ አሸ። ቋጠሮው ላይ ያለው ትኩስ አልኮል ከስር ያለውን ቀይ ያሟሟና ይጠርገዋል። ቋጠሮው የቆመበት ቦታ ይከማቻል። ሁለተኛ ሲደግም የነጣውን ለማጥቆር የጠቆረውን ያነሳል። ሦስተኛ ሲደግም ያው። መጫን በጨመረ ቁጥር እንጨቱ ይገለጣል። የእጅ ማነስ አይደለም፤ የዕቃው ጠባይ ነው።

ይሄን መንገድ ከመረጣችሁ ቀለም ያለበትን ድርብ (አንድ ዙር ቅብ) በቋጠሮ አትሹት። ትክክለኛው መሣሪያ መርጫ ነው፤ ትንሿ ኤርብራሽም ትበቃለች። ሲረጭ የሚነካካው ነገር ስለሌለ ቀለሙ ባለበት ይቀመጣል። መርጫ ከሌላችሁ ለስላሳ ሰፊ ብሩሽ ያዙና በጣም በቀጠነ ጎማላካ፣ በጥቂት ጠብታ ቀለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ አልፋችሁ ተዉት። አንዴ ካለፋችሁበት አትመለሱበት። የጎደለ ቢመስላችሁ እንኳ ይቅር። ሲደርቅ ሌላ ስስ ድርብ ይሸፍነዋል። አራት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ከላይ የሚመጣው ቀለም የለሽ ድርብም በመጀመሪያ ሁለት ሦስቴ እንዲሁ ይረጫል ወይ በብሩሽ ይታለፋል። ቋጠሮው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በብርጭቆ ወረቀት መፈተግም ከዚያ በኋላ ነው። ቀለም ያለበትን ድርብ ከፈተጋችሁ፣ በተለይ ጠርዝ ጠርዙ ላይ፣ ነጭ እንጨት ወዲያው ፈገግ ይልባችኋል። እዚህ መንገድ ላይ ትልቁ ድክመት ይሄው ነው። ቀለሙ ያለው ላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው። ጊታሩ በር ሲመታ፣ ቀበቶ ሲቧጭረው፣ የሚታየው ከስሩ ያለው ነጭ እንጨት ነው።

እንጨቱ ውስጥ የሚገባ ቀለም

ይሄኛው የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ ይቀባል፤ ቀለሙ ይጠጣል። ከላይ ቀለም የለሽ ጎማላካ ይለብሳል። ቢጫርም ስሩ ቀለም አለው። ለጊታር ጀርባ፣ ለጎንና ለአንገት፣ ማለትም ሰውነት ለሚነካካው ቦታ፣ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከላይ የሚመጣው ጎማላካ በአልኮል የተበጠበጠ ነው። እንጨቱን የቀባችሁት በአልኮል በሚሟሟ ቀለም ከሆነ የመጀመሪያው ቋጠሮ ይጠርገዋል፤ እንደገና የልጁ ጊታር ሆነ ማለት ነው። በውሃ ብቻ የሚሟሟ ቀለም ግዙ። አልኮል ብዙም አይነካውም። ውሃ የእንጨቱን ቃጫ ያነሳል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከመቀባታችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ አርሱት፣ ይድረቅ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ከዚያ ቀቡ።

ገንዘብ የማታወጡበት መንገድም አለ። ጠንከር ያለ የሻይ ቅጠል ውሃ ነጭ እንጨት ላይ ደስ የሚል ቡናማ ይሰጣል። በዚያ ላይ የዛገ ሚስማር ለጥቂት ቀናት የተዘፈዘፈበት አቼቶ ብታሳልፉበት ይጠቁራል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒንና ብረቱ ተገናኝተው ነው። ዓይናችሁ እያየ ነው የሚጠቁረው። ጎረቤቴ ያሉ አንድ አናጺ ይሄን ሳደርግ ቆመው አዩና «የኔ ልጅ፣ ሻይ ለእንግዳ ነው እንጂ ለእንጨት ይፈላል እንዴ?» አሉኝ። በሳምንቱ ለአንድ ጠረጴዛ እግር ሲሞክሩት አገኘኋቸው።

የዚህ መንገድ ጠላት የጊታር ፊት ነው። ፊቱ ብዙ ጊዜ ስፕሩስ የሚባል ለስላሳ ነጭ እንጨት ነው። ለስላሳው ክፍል ብዙ ይጠጣል፣ ጠንካራው መስመር እምቢ ይላል። ውጤቱ ነብር ነው። ኮላ የነካው ቦታም አይጠጣም፤ ብሪጁና ጠርዙ አካባቢ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ከቀለሙ በፊት በጣም የቀጠነ ጎማላካ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ነው። ነብሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ቀለሙም ደብዘዝ ይላል። ሀገር ውስጥ የተሠራ የዋንዛ ጊታር ያለው ሰው ደግሞ ጭራሽ ባይቀባው ደስ ይለኛል። ዋንዛ ቡናማ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ኦሬንጅ ጎማላካ ብቻውን ያነቃዋል።

ጎማላካ ያልሆኑትስ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በቀለም ቤት የሚሸጠው ተራ የእንጨት ቫርኒሽ ለበርና ለአልጋ ነው የተሠራው። ይወፍራል፣ ለመድረቅ ይዘገያል፣ ጊታር ፊት ላይ እንደ ጋቢ ይከብዳል። ፖሊዩረቴን ጠንካራ ነው፤ ላብም አረቄም አይነካውም። ፋብሪካ የሚያወጣቸው ርካሽ ጊታሮች በሱ ወይም በሱ ዘመዶች የተለበጡ ናቸው። ሲሰነጠቅ ግን ጥገናው አይታረቅም፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይዋሃድም። ናይትሮ የሚባለውን የሚረጭ ሽፋን ታላላቆቹ የአሜሪካ ጊታር ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነው የያዙት። ቀለም ሲገባበት ያምራል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ይጠገናል። ግን ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ ጭሱ ሳንባ ይበላል፣ እሳት ይወዳል። ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ አይሞከርም።

ድምፁስ? ስስ የጎማላካ ሽፋን ለጊታር ፊት ይስማማል የሚለው እውነት ነው፤ ጥሩ ክላሲካል ጊታር የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም በእጅ የሚያሹት ለዚህ ነው። ጊታራችሁ ፊቱ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ግን ለድምፅ ብላችሁ አትድከሙ። ለመልኩ አድርጉት፤ እሱም በቂ ምክንያት ነው።

ጎማላካ ሆዱ የማይችላቸው ነገሮችም አሉ፤ ሳትገዙ እወቋቸው። አልኮል ጠላቱ ነው። ሳኒታይዘር የነካ እጅ፣ ሽቶ፣ የፈሰሰ አረቄ፣ ሁሉም ምልክት ይተዋል። አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር ለመጫወት የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት የምትቀቡ ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ፤ ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ሽፋኑን ያለሰልሰዋል። ሙቀትም አይወድም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተውኩት ጊታር የቦርሳው ጨርቅ ሽመናው ሳይቀር ታትሞበት አግኝቼዋለሁ። መድረክ ላይ ላብ በላብ ሆናችሁ የምትጫወቱ፣ ጊታራችሁን ከባጃጅ ወደ ባጃጅ የምታዛውሩ ከሆነ ፖሊዩረቴኑን አትንኩት።

ሱቅ ስትሄዱ

ተበጥብጦ በውሃ ላስቲክ የተሞላ፣ ስም የሌለው ቡናማ ፈሳሽ «ጎማላካ ነው» ተብሎ ይሸጥላችሁ ይሆናል። እኔ ገዝቼ አውቃለሁ። ሳምንት ሙሉ ሳይደርቅ እንደ ማር ተጣብቆ ቀረ። የተበጠበጠ ጎማላካ ዕድሜ አለው፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሲሆነው እየደከመ ይሄዳል፤ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጋችሁ አሳድሩት። በነጋታው ጥፍራችሁ ምልክት ከተወበት ተዉት። በቆርቆሮ የሚመጣው የዚንሰር ምርት ጥሩ ነው፤ ግን ቀለም የለሹና አምበሩ ሰም አላቸው፤ ሰም የወጣለት «ሲልኮት» የሚለው ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ቆርቆሮ አትላኩት። ተቀጣጣይ ፈሳሽ አውሮፕላን ላይ በሻንጣ አይገባም፤ ኤርፖርት ላይ ይቀርባችኋል። ደረቁን ቅርፊት አስመጡ። ግማሽ ኪሎ ቅርፊት ቦርሳ ጥግ ይገባል፤ ለአንድ ጊታር 100 ግራም አይፈጅም። እንግዲህ አምስት ጊታር ማለት ነው።

አልኮሉን እዚሁ ታገኛላችሁ። በመተሐራና በፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል ይመረታል፤ የአልኮል ችግር የለብንም። ችግሩ ጥራቱ ነው። 95 ወይም 96 በመቶ የሚለውን ፈልጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው ቁስል ማጠቢያ 70 በመቶ ነው፤ ቀሪው ውሃ ነው፤ ጎማላካውን ወተት ያስመስለዋል። ዳገም አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ለጨዋታው አስቀምጡት። ሜታኖል የተጨመረበት ከሆነ በር መስኮት ከፍታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ደግሞ በፍጹም። የአልኮል ትነትና የከሰል ፍም አይተዋወቁ።

አበጣበጡ ቀላል ነው። በ250 ሚሊ ሊትር አልኮል 60 ግራም ቅርፊት፤ ይሄ ለማሻሸት ነው። ቀለም ለሚጨመርበት ግማሹን፣ 30 ግራም። የብርጭቆ ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ ብረት ጎማላካውን ያጠቁረዋል። አልፎ አልፎ እየነቀነቃችሁ አሳድሩት፤ በነጋታው በስስ ጨርቅ አጥሉት። ለቋጠሮው ውስጡ ጥጥ ወይም ሱፍ፣ ውጪው ያረጀ ነጭ አንሶላ። ነጠላ አይሆንም፤ ክሩ እየተነቀለ ፊቱ ላይ ይቀራል።

ጊዜውንም ምረጡ። ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ሲሞላ አልኮሉ ሲተን ፊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛ ይይዛል፣ ሽፋኑ ደመና ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቀለል ባለ ደረቅ ቀን አልኮል የነካ ቋጠሮ ሲያልፍበት ይጠራል። እኔ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ጠርሙሱን አልከፍትም። ከጥቅምት በኋላ ረፋድ ላይ፣ የሐይቁ ንፋስ አቧራ ሳያስነሳ፣ ነው የምሠራው።

ያላችሁ ጊታር ምን እንደተቀባ ካላወቃችሁ ቀዳዳው ውስጥ ወይም አንገቱ መጋጠሚያ ስር አንድ ጠብታ አልኮል አድርጉ። ከተጣበቀ ጎማላካ ነው፤ ሳትፍቁ ከላይ መቀጠል ትችላላችሁ። ምንም ካልሆነ ብዙ ጊዜ ፖሊዩረቴን ቢጤ ነው። እሱን ፍቆ ማንሳት ሌላ ሥራ ነው፤ ርካሽ ጊታር ላይ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

እንግዲህ ለማን የቱ? መጀመሪያ ጊዜው ለሆነ ሰው፣ መርጫ ለሌለው፣ ማርና ቡና ለሚወድ፣ ጋርኔትና ብሎንድ ቅርፊት ይግዛ፤ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። ጀርባና ጎን ማጥቆር ለሚፈልግ በውሃ ብቻ የሚሟሟ ቀለም ወይም ሻይና አቼቶ፣ ከላይ ብሎንድ። ቀይ ወይም ሰንበርስት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል፣ ብሎንድ፣ ብርሃን የሚችለው ቀለምና ኤርብራሽ፤ ወጪው ከቅርፊቱ ይልቅ መርጫው ላይ ነው። ሦስቱንም ጊታር ከመንካታችሁ በፊት ቁራጭ ዝግባ ላይ ሞክሩ። ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ መስኮት ላይ አቁሙት።

የልጁን ጊታር ቀዩን በአልኮል አጥበን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ነጭ አደረግንለት። ቅርፊት ሰጠሁት፤ ጋርኔት። ልጁ ቅር አለው፤ ቀይ ነበር የፈለገው። ኅዳር ላይ ይዞት ተመለሰ። የጊታሩ ፊት የማር ቀለም ይዟል፣ አንድ ወጥ ነው፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠቆር ይላል። «ጋሼ፣ የአንገቱን ጀርባ ግን አየኸው?» አለኝ። ገለበጥኩት። በቀጭኑ፣ በብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻ የታለፈበት፣ ቀይ ነበር።